ሰሊጥ በሚረግፍበት ሳምንት የተጠራ ስብሰባ

ቤቴ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተገጠመ ወረቀት አለ። የወረዳችን ከተማ ሸሕዲ ላይ በጭብጨባ የሰጡኝ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚል ሳላውቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርሁም። አሁን ቆጥሬያለሁ፤ ያውም አርባ አራት ዓመት ሲሞላኝ። ካነበብሁት ወዲህ ለማንም አላሳይም። አውርጄም አልጣልሁት። ለምን እንዳልጣልሁት ለመናገር ከሥሩ መጀመር አለብኝ።

እኔ የቆላ ተወላጅ አይደለሁም። ከበለሳ ነው የወረድሁት። እዚያ የአባቴ መሬት ለሦስት ወንድማማች ተከፍሎ ለእኔ የደረሰኝ ከድንጋዩ ጋር ነበር። ዝናቡ ሲቀር የእርዳታ ስንዴ እንሰለፍ ነበር፤ ዝናቡም ብዙ ጊዜ ይቀር ነበር። መንግሥት «ሰፈራ» የሚል ቃል ይዞ መጣ። ሁለት ሄክታር ለእያንዳንዱ አባወራ፣ ካልወደዳችሁት የደጋው መሬታችሁ ይጠብቃችኋል አሉን። ሰብሳቢው ቆብ ያደረገ ሰው ነበር፤ «ድህነትን እዚሁ ጥላችሁት ሂዱ!» ብሎ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ሚስቴ ልጃችንን በጀርባዋ አዝላ ከጎኔ ቆማለች። «እሱ ቀድሞን ተሳፍሮ ይሆናል እንጂ» አለችና ሳቀች። በአይሱዙ ጭነው እንደ ጆንያ ጫካ ውስጥ አራገፉን።

መሬቱን አልክድም። ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ዘር የማይመልስ። ወባው ቀበረን እንጂ መሬቱ አልበደለንም። ማሽላና ሰሊጥ የለመድነው ከነባሩ ቆለኛ ነው። ማንም ባለሙያ አላስተማረንም። እንዲያውም ባለሙያው ሲመጣ እኛ ነበርን የምናስተምረው፤ እሱ ግን እየጻፈ ስለሚሰማ አስተማሪው እሱ መሰለ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ይለዋወጥ ጀመር። ሰፈራ የተባለው «ፓኬጅ» ተባለ። ገመድ ወጥራችሁ ሰሊጥን በመስመር ዝሩ አሉን። የሰሊጥ ፍሬ ምን እንደሚያህል የማያውቅ ሰው ነው ይህን የሚያዝዘው፤ ከአሸዋ ጋር ቀላቅለን በጣታችን እየቆነጠርን ስንዘራ ዝናቡ ጥሎን ሄደ። ከፓኬጅ ቀጥሎ «ሞዴል» መጣ። ከሞዴል ጋር አንድ ለአምስት መጣ፤ አንዱ ሞዴል ሆኖ አምስቱን ይጎትታል ተባለ። ስድስታችንም እኩል ነበርን፤ ማን ማንን ይጎትታል? ከዚያ ደግሞ «ኢንቨስትመንት» መጣ። ከብት የምናሰማራበትን፣ እንጨት የምንቆርጥበትን ጫካ ከከተማ ለመጡ ሰዎች መቶ መቶ ሄክታር ሸንሽነው ሰጡት። አንዳንዱ አረሰ። አንዳንዱ ዛፉን አክስሎ ከሰሉን ሸጦ ጠፋ። እኛ ከዚያ መሬት ላይ አንድ ጥማድ ብንጠይቅ «የእናንተ ድህነት ቅነሳ ነው፤ ይህ ለዕድገት የተያዘ ነው» አሉን። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ሁለት ዓይነት ነን። ዕድገት በተራክተር ይመጣል፤ ድህነት ቅነሳ በስብሰባ።

እኔም ሞዴል ሆንሁ። ማንበብ አልችልም፣ መናገር ግን እችላለሁ፤ ለሞዴል የሚያስፈልገው እሱ ነው። ጎብኚ ሲመጣ ማሳዬ ላይ ቆሜ አስረዳለሁ። ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸቴን ነው። ደጋ ላይ ስንዴ ተሰልፎ የተቀበለ ሰው፣ ባለመኪና ቆሞ ሲሰማው ደስ ይለዋል። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ደስታ ነው።

በዚያ ዓመት ልጄ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አለፈች። ከሰፈራ መንደራችን ሴቶች ያለፈችው እሷ ብቻ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ሸሕዲ ነው፤ ከእኛ መንደር በእግር ግማሽ ቀን። ክፍል ተከራይታ፣ ስንቅ ተቋጥሮላት ነው የምትማረው። ለዚህ የሚሆን በቤቱ ውስጥ ከሰሊጡ ሌላ አልነበረም። ማሽላው ለአፋችን፣ ሰሊጡ ለእሷ ብለን ከክረምቱ ጀምሮ ተስማምተናል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት «ሰሊጡ ይታጨድና ትደርሻለሽ» አልኋት። ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠች።

ሰሊጥ የማያውቅ አንባቢ ካለ ይህን ልንገረው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይጠብቅም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ የታችኛው የፍሬ ከረጢት አፉን ሊከፍት ሲል፣ ያለህ ጊዜ አንድ ሳምንት ነው፤ ነፋስ ካለ ከዚያም ያንሳል። በዚያ ሳምንት ታጭዳለህ፣ ነዶ ታስራለህ፣ ነዶውን አናት ለአናት አደጋግፈህ ታቆማለህ፤ ይህን ሂላ እንለዋለን። ሂላው ቆሞ ይደርቃል፣ ከረጢቱ ወደ ሰማይ ስለሆነ ፍሬው አይፈስም። ካሳለፍኸው ግን ቆሞ ሳለ መሬት ላይ ይረግፋል። የዋልካ መሬት ደግሞ በጥቅምት ፀሐይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። የረገፈ ሰሊጥ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ማንም አይለቅመው።

ሌላም አለ። አጫጁ ከጎጃም፣ ከወሎ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሸሕዲ ላይ ተሰብስቦ ባለማሳ ይጠብቃል። ወደ ማሳህ ካመጣኸው በኋላም ባለማሳው ራሱ ከፊት ቀድሞ ማሳውን ዳር እስከ ዳር ያስዞረዋል፤ ሠራተኛው ሰሊጡ ጥቅጥቅ ይሁን ሳሳ ያለ ዐይቶ ዋጋውን እዚያው ቆሞ ይቆርጣል። ከዚያ ባለማሳው የመጀመሪያዋን ነዶ በእጁ አጭዶ ይጥላል። ነዶዋ ሳትወድቅ ማጭድ የሚያነሣ የለም። ወግ ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ተታሏል፤ «እኔ አልተዋዋልሁም» ብሎ የሚክድ ባለማሳ አይቷል። ስለዚህ የሰውየውን እጅ ማየት ይፈልጋል።

ሠራተኞቹን አምጥቼ ዳስ ውስጥ አሳድሬያለሁ። በማግስቱ ማለዳ ማሳውን ላስዞራቸው ስል የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በሞተር ብስክሌት መጣ። ቀጭን፣ ጺም ያላወጣ ልጅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይልበሱ! ሸሕዲ ይፈለጋሉ።»

«ማን ፈለገኝ?»

«ሽልማት ነው። ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። ከቀበሌያችን እርስዎ ነዎት የተመረጡት።»

«ሰሊጡን አታየውም?»

«አንድ ቀን ናት ጋሼ። ዛሬ ሄደው ነገ ማታ ይመለሳሉ። ቢቀሩ እኔን ነው የሚገመግሙኝ።»

ሚስቴ ከዳሱ ወጣች። «አንተ ሰው፣» አለችኝ፣ «ሰሊጥ ጭብጨባ አያውቅም።»

«አንድ ቀን ነው።»

«ነዶዋን ጣልና ሂድ እሺ። አንዲት ነዶ።»

ይህን አልረሳውም። አንዲት ነዶ አለችኝ። ዋጋው አልተቆረጠም ነበር፤ ማሳውን አዙሮ ዋጋ ተከራክሮ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ልጁ ደግሞ ሞተሩን አላጠፋም። «ነገ ማታ እጥላታለሁ» አልሁና ከኋላው ተፈናጠጥሁ። ልጄ ከዳሱ ጥግ ቆማ ታየኝ ነበር።

ሸሕዲ ስንደርስ እንግዳው አልመጡም። ነገ ይመጣሉ ተባለ። ነገም አልመጡም። እስኪመጡ ሥልጠና ይሰጣችሁ ተብሎ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡን። ግድግዳው ላይ በመብራት የሚታይ ጽሑፍ ነበር፤ ሳጥኖች፣ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚሄዱ ቀስቶች። ወጣቱ ባለሙያ በዘንግ እያመለከተ «ባለፈው ዕቅዳችን ትኩረቱ ምግብ ዋስትና ነበር፣ አሁን ወደ ገበያ ተኮር ዕድገት ተሸጋግረናል» ይላል። የተሸጋገርነው እኛ ነን፤ መቼ እንደተሸጋገርን ግን አላወቅንም። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ድህነት የትኛው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው?»

«በዚህኛው ነበረ አባት፣ በቀስቱ ወደዚህ ይወጣል።»

«እንግዲያው ቀስቱን ለእኔም አውሰኝ፣ ቤቴ ልውሰደው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ሲታወሰኝ ያናድደኛል። ከጎኔ የተቀመጠ የአብደራፊ ገበሬ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር። የውጭው ባንዲራ በነፋስ ተወጥሯል። «ይህ ነፋስ የእኛን ሰሊጥ እየወቃልን ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ሦስተኛው ቀን ልሄድ ተነሣሁ። የልማት ሠራተኛው በሩ ላይ ያዘኝ። «ጋሼ፣ አሁን ከወጡ ስምዎ ይሰረዛል። ስምዎ ከተሰረዘ ለሚቀጥለው ዓመት ምርጥ ዘር ማን ይሰጥዎታል?» ማስፈራራቱ አልነበረም፤ እሱንም ያስፈራሩት ያንኑ ብለው ነው። ተመልሼ ተቀመጥሁ። እግር ነበረኝ፤ በሩ ክፍት ነበር፤ ተመለስሁ። ሰው ሁሉ በመንግሥት ይቆጣል፤ እኔም እቆጣለሁ፤ ግን ያቺ ወንበር ላይ ተመልሶ የተቀመጠው የእኔ ቂጥ ነው።

በአራተኛው ቀን እንግዳው መጡ። ስም ተጠራ፣ ተጨበጨበ፣ ወረቀት በመስታወት ሰጡኝ፣ ቆብ ሰጡኝ። ፎቶ አነሡን። ፈገግ በሉ አሉን።

አምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ማሳዬ ደረስሁ። ከሩቅ ሲያዩት ሰሊጡ እንደ ቆመ ነው። ቀረብ ስል ከረጢቱ ሁሉ አፉን ከፍቷል። አንዱን ግንድ ነካሁት፤ ሰሰሰ ብሎ ፈሰሰ። የእግሬ ሥር ነጭ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነጭ ነው። በማሳው አንድ ጥግ ጥቂት ሂላ ቆሟል። ሚስቴና ልጄ ሁለቱ ብቻቸውን ያጨዱት ነው። ሠራተኞቹ እስከ ሁለተኛው ቀን ጠብቀው ነበር። ሚስቴ እኔ ላስዙራችሁ ብትላቸው፣ «እትዬ፣ አይክፋዎት፤ ወንዱ ይምጣና ነዶ ይጣል» አሏት። እሷ ነዶ አጭዳ ጣለች። አልተቀበሏትም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የአንድ ኢንቨስተር ፒክአፕ መጥቶ የተሻለ ዋጋ ጠርቶ ሁሉንም ጭኖ ወሰዳቸው። ያን ቀን ዕድገት ድህነት ቅነሳን እንዲህ አድርጎ በላው።

ሚስቴ እጇ በጨርቅ ታስሯል፤ ማጭድ ቆርጧት ነው። ቆቡን ዐየች፣ ወረቀቱን ዐየች።

«አጨበጨቡልህ?» አለችኝ።

እስከ ዛሬም ስለዚያ ነገር ሌላ አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ዐየችው። ረጅም ጊዜ ዐየችው። «ምን ይላል?» አልኋት። «ጎበዝ ገበሬ ነው ይላል አባ» አለችና ሚስማር ፈልጋ ግድግዳው ላይ ሰቀለችልኝ። ደብተሯ ከጨርቁ አልወጣም። በሚቀጥለው ዓመት ትገቢያለሽ አልኋት። በሚቀጥለው ዓመት ማሽላ ዘራሁ። ዝናብ ሲጥል ከየስንጥቁ ሰሊጥ በቀለ፤ ማሽላውን አላስወጣ አለው። እንደ አረም ነቀልሁት። የልጄን ትምህርት በመቆፈሪያ እየነቀልሁ ዳር ላይ ከመርሁት። ከዚያም ወባ ነበር፣ ከዚያ የመንገድ መዘጋት፣ ከዚያ ዕድሜዋ አለፈ፣ ባል መጣ።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ቃል መጣ፤ «የጎልማሶች ትምህርት»። ያልተማረ ገበሬ ዕድገት አያመጣም ተባለ። አስተማሪ ከየት ይምጣ ሲባል፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ከተገኘ ይበቃል አሉ። መንደራችን ውስጥ ማን ነበር? ልጄን ቀጠሯት። በግራር ሥር ሰሌዳ አስደግፋ፣ እኛን ሽማግሎችን አንገረብ ላይ ደርድራ ማስተማር ጀመረች። አንገረብ በጠፍር የተሠራ የቆላ አልጋ ነው፤ ወንበር ስላልነበረ እሱን ከየቤታችን ተሸክመን እንመጣለን። ጎረቤቴ በመጀመሪያው ቀን «አደራ፣ ልጅሽን አስመስለሽ እንዳትገርፊው፤ እሱ ሞዴል ነው!» ብሎ አሳቀብኝ።

ቶሎ ለመድሁ። ሲስቁብህ የሚመጣ ንዴት ያስለምዳል። ፊደሉን እንደ ጨረስን ልጄ «ሁላችሁም ከየቤታችሁ ጽሑፍ ያለበት ነገር ይዛችሁ ኑ፣ እሱን እናነባለን» አለች። አንዱ የመድኃኒት ካርቶን፣ አንዱ የመሬት ደብተሩን አመጣ። እኔ መስታወቴን አወረድሁ። ይዤው ስመጣ ፊቷ ተለወጠ። «እሱ ይቅር አባ፣ ሌላ ያምጡ» አለችኝ። አልሰማኋትም። ቆሜ ጣቴን እያስኬድሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። «የሰሊጥ... የድኅረ ምርት... ብክነትን...»

«ብክነት ምንድን ነው?» አልኋት።

ወደ ሰሌዳው ዞረች። ጎረቤቴ መለሰልኝ። «ሳይሰበሰብ በከንቱ የሚቀር ነዋ።»

«የሰሊጥ የድኅረ ምርት ብክነትን በመቀነስ ላሳዩት አርአያነት።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ያን ዓመት ያውቁታል።

ሌሎቹ ሲሄዱ ቀረሁ። «ያን ቀን አንብበሽው ነበር» አልኋት።

«አዎ አባ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ምን ያደርጉ ነበር? ሰሊጡን አይመልሱት። እርስዎ ደግሞ ለሰው እያሳዩ ደስ ይልዎት ነበር።» ሰሌዳውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። «አንድ ሰው እንኳ ከዚያ ነገር ደስታ ያግኝ ብዬ ነው።»

ያን የልማት ሠራተኛ በኋላ ሸሕዲ መናኸሪያ አገኘሁት። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ያ ጽሑፍ ስለምን ለእኔ እንደ ተሰጠ ጠየቅሁት። አልካደም። «ጋሼ፣ ዘጠኝ የሽልማት ርዕስ ከላይ ተላከልን፤ ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ ሰው መሙላት ነበረብን። እርስዎን ያስገባሁት ክፍት በነበረው ላይ ነው። ምን ላይ እንዳስገባሁዎ አላስታውስም።» አላስታውስም አለኝ። ልመታው ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ጠራውና ተሳፍሮ ሄደ።

ዘንድሮ ደግሞ ቃሉ «ኩታ ገጠም» ነው። ማሳችሁን አንድ ላይ ግጠሙ፣ በአንድ ቀን ዝሩ፣ በአንድ ቀን እጨዱ። ነገሩ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ሰፈራውም ክፉ አልነበረም፤ መሬት አግኝቼበታለሁ። እኔን የሚያቃጥለኝ፣ ቃሉ በተለወጠ ቁጥር ያለፈው ቃል ምን እንዳደረገን ማንም መጥቶ አለመጠየቁ ነው። አዲሱ ቃል ሲመጣ አሮጌውን «ክፍተት ነበረበት» ይሉታል። ክፍተቱ የእኔ ልጅ ናት። ወረቀቱን ያልጣልሁትም ለዚህ ነው፤ ያን ዓመት የሚያስታውስ ሌላ ወረቀት የለም።

በዚህ መስከረም መጨረሻ የቀበሌው ተላላኪ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ራሴ አነበብሁት። ሸሕዲ ላይ የሦስት ቀን የምክክር መድረክ፤ በሰዓቱ እንዲገኙ በጥብቅ እናሳስባለን። ቀና ብዬ ሰሊጡን ዐየሁ፤ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ነው። ከተላላኪው እስክሪብቶ ተቀብዬ ከደብዳቤው ጀርባ ላይ ጻፍሁ። «ሰሊጥ ደርሷል። የሚፈልገኝ ማሳ ላይ ይምጣ፤ ማጭዱን ይዞ።»

«አባት፣ ይህን እኔ እንዴት እሰጣለሁ? ይቀየማሉ።»

«ይቀየሙ። የእጅ ጽሑፌ መሆኑን ንገራቸው፤ የጎልማሶች ትምህርታችሁ ፍሬ አፍርቷል በላቸው።»

በማግስቱ ሠራተኞቹን ማሳውን አስዞርኋቸው፤ ዋጋው ተቆረጠ፤ ነዶዋን አጭጄ ጣልሁ። ሚስቴ ከዳር ቆማ ዐየችና ወደ ዳሷ ገባች። ልጄ ከባሏ ቤት ማጭዷን ይዛ ልታግዘን መጥታለች፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ሰልፍ ያዘች። እጇ ከሠራተኞቹ ሁሉ ይፈጥናል። ከጎጃም የመጣ አንድ ጎልማሳ ከጎኗ እያጨደ ጨዋታ ጀመረ።

«አስተማሪ ነሽ አሉኝ እኮ፤ እስከ ስንት ተማርሽ እቴ?»

«ስምንት።»

«ምነው፣ ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም። አልፌ ነበር።»

«ታዲያ ምን አስቆመሽ?»

ማጭዷን አላቆመችም፤ ወደ እኔም አላየችም። ሰውየው መልስ ይጠብቃል። ጎንበስ እንዳልሁ እኔ መለስሁለት።

«ስብሰባ ነበረብኝ» አልሁት።